መጸየፍ ያልተፈቀደላት ልጅ

አባይነሽ ኢቲቻ አባቷን ትወዳለች። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የሚከተለው ሁሉ የክፉ ልጅ ታሪክ ይመስላል። ብዙ ሰው የመሰለውም እንደዚያ ነው፤ ወንድሟም ጭምር።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ዕድሜዋ አርባን አልፏል፤ አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ የላትም። የምትኖረው መሪ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአባቷ ከአቶ ኢቲቻ ጋር ነው። አቶ ኢቲቻ በደህናው ጊዜ እዚያው አካባቢ ገብስና ጤፍ ያርሱ ነበር። ከተማው እየሰፋ ሲመጣባቸው እርሻውን ትተው ካራ ከብት ተራ ደላላ ሆኑ። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ለልብሳቸው የሚጠነቀቁ ሰው ነበሩ። በሬ ሲያሻሽጡ ውለው ቤት ሲገቡ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሳይታጠቡ ልጆቻቸውን አይነኩም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህም ሸሚዛቸውን ለሰው አይሰጡም፤ ራሳቸው ናቸው የሚያጥቡት።

እንግዲህ ስትሮክ የጣለው እኚህን ሰው ነው። ቀኝ ጎናቸውን ወሰደባቸው። ምላሳቸው ተሳሰረ፣ እግራቸው አልታዘዝ አለ፣ ሽንትና ሰገራቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሆስፒታሉ የሚችለውን አድርጎ ወደ ቤት ሲልካቸው ታናሽ ወንድሟ ኤቢሳ፣ ሲኤምሲ የስልክ መለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ተነሥቶ ተናገረ።

"ሴት ልጅ እያለች አባት በባዕድ እጅ አይታጠብም" አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ኤቢሳ ይህን ወስኖ ወደ ሱቁ ሄደ።

ጧት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ማታም ከትምህርት ቤት መልስ፣ አባቷን ማጠብ የአባይነሽ ሥራ ሆነ። ፎቁ ላይ ውኃ የሚመጣው ሲፈልግ ስለሆነ ከበርሜል እየጨለፈች ነው የምታጥባቸው። ዳይፐሩን ስትፈታ ትንፋሿን ትይዛለች። ትንፋሽ ግን እስከ መጨረሻው አይያዝም። መሃል ላይ ሳንባዋ እምቢ ሲላት ያን ሽታ በአፏ ትስበዋለች፤ በአፍ የተሳበ ሽታ ደግሞ ጣዕም አለው። የጀርባቸው ቁስል መግል ሲቋጥር፣ ከአፋቸው ጥግ የሚወርደው ለሃጭ ትራሱ ላይ ደርቆ ሲገኝ፣ ያጎረሰቻቸው አጥሚት ተመልሶ ለብ እንዳለ እጇ ላይ ሲፈስ ሰውነቷ ሁሉ ይሸማቀቃል። ፊቷን ግን አታጨማድድም። አባቴ ያዩኛል ብላ ፈገግ ትላለች። ፈገግታው ራሱ ያቅለሸልሻታል።

እጇን በበረኪና መታጠብ ጀመረች። ቆዳዋ ተሰነጣጥቆ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ስትይዝ ያቃጥላታል። ሽታው ግን ከጥፍሯ ሥር የማይለቅ ይመስላታል፤ ተማሪዎቿ ደብተር ይዘው ጠጋ ሲሉ "ሸተትኩ ይሆን?" እያለች ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች። ቀጥሎ ምግብ እምቢ አላት። መጀመሪያ አጥሚት፣ ቀጥሎ ሽሮ፣ ቀጥሎ መረቅ ያለው ነገር ሁሉ። ደረቅ ዳቦና ቆሎ ብቻ ይወርድላታል። ጉንጯ ጎደጎደ።

ከሽታው ይልቅ የሚያንገሸግሻት ግን ምርቃቱ ነበር። ከታችኛው ፎቅ ወይዘሮ አሳየች የሚባሉ ጎረቤት አሉ። እየመጡ ይጠይቋቸዋል፤ መጠየቅ ማለት በር ላይ ቆሞ አፍንጫን በነጠላ ጫፍ መሸፈን ከሆነ።

"አንቺ ልጅ፣ ጽድቁ በእጅሽ ነው! እኔንም እንዳንቺ ያለ እጅ ያጥበኝ!" ይላሉ ነጠላቸውን ሳያነሡ።

"አሜን" ትላለች አባይነሽ። በልቧ ግን "ይግቡና ይጠቧቸው ታዲያ" ትላለች፤ ወዲያውም ራሷን ትጸየፋለች። ያጎረሰንን፣ ያሳደገንን አባት እንዴት ይቀፋል? ይህን ጥያቄ የምታቀርብለት ሰው አልነበራትም። ለንስሐ አባቷ ለመናገር እንኳ ቃሉ አፏ ላይ ይቀራል።

አንድ ቅዳሜ ሾላ ገበያ ወርዳ በቅቤ ተራው ስታልፍ፣ በፀሐይ የላላው ቅቤ ሽታ ከየት መጣ ሳትለው ሆዷን ገለበጠው። ግንብ ተደግፋ ያችኑ የቆሎ ቁርሷን መለሰችው። ቅቤ ሻጯ ውኃ በጣሳ አቀበለቻትና ፊቷ በራ።

"እሰይ! የመጀመሪያሽ ነው? ማርያም በሽልም ታውጣሽ!"

በዙሪያው ያሉ ሴቶች ሁሉ ፈገግ ብለው አዩዋት። አባይነሽ አፏን ጠርጋ "አሜን" አለች። ታክሲ ውስጥ ገብታ እስከ መገናኛ ድረስ ዓይኗን ጨፍና ሄደች።

ከዚያ በኋላ ነው ለአሰልጣኝ በአምላክ መልእክት የላከችው።

በአምላክ ራሱን "የሕይወት አሰልጣኝ" ብሎ የሚጠራ፣ በስልክ ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው ሰው ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከኋላው ለስላሳ ፒያኖ እየተጫወተ፣ ድምፁን እንደ ማር እያንጠባጠበ ይናገራል። "የከበደህን በድምፅ ላክልኝ፤ በእኔና በአንተ መካከል ይቀራል" ይላል። አባይነሽ የፎቁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ሰው እንዳይሰማት በሹክሹክታ፣ የሆዷን ሁሉ ቀዳችው።

"አባቴን ስነካቸው ይቀፈኛል" አለች። "ከብት ተራ ውለው እንኳ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ነበር የሚነኩኝ። እኔ ግን አሁን ያ እጅ ሲነካኝ መሮጥ ያምረኛል። አንዳንዴ ቢሞቱ እገላገላለሁ ብዬ አስባለሁ። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?"

መልሱ በማግሥቱ መጣ። ፍቅር ካለ አይቀፍም አላት። የምትጸየፊው አባትሽን ሳይሆን ራስሽን ነውና በየማለዳው መስታወት ፊት ቆመሽ "እኔ ፍቅር ነኝ" በዪ አላት። አባይነሽ ሞከረችው። የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት፣ እግሯ ሥር በዳይፐር የተሞላ ፌስታል ተቀምጦ፣ "እኔ ፍቅር ነኝ" አለች። ሁለተኛ አልደገመችውም።

የሚቀጥለው እሑድ ኤቢሳ ሊጠይቅ መጣ። ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሏል፤ እንደ ልማዱ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ስቦ፣ መስኮቱን ከፍቶ ተቀመጠ። ትንሽ ስልኩን ሲነካካ ቆየና ሳቀ።

"እትዬ፣ ይቺን ጉድ ስሚልኝ! አባ፣ እርስዎም ይስሙ። ዘመኑ የት እንደደረሰ ይዩ።"

ድምፁን ከፍ አደረገው። መጀመሪያ ፒያኖው መጣ። ቀጥሎ በአምላክ፦ "ወገኖቼ፣ ፍቅር የደረቀበት ዘመን ላይ ነን። አንዲት እህት የላከችልኝን ስሙ…" ቀጥሎ እንደ ሕፃን እንዲቀጥን ተደርጎ የተለወጠ የሴት ድምፅ፦ "አባቴን ስነካቸው ይቀፈኛል…"

አባይነሽ የአባቷን ትራስ እያስተካከለች ነበር። እጇ እዚያው ቀረ። ድምፁ ቢለወጥም ቃሉ የራሷ ነው፤ የከብት ተራው፣ እስከ ክርን የታጠበው እጅ፣ "ቢሞቱ እገላገላለሁ" ያለችውም። አንድም አልጎደለም። በአምላክ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ ያዝናል። ኤቢሳ ከሥር የተጻፈውን አስተያየት እየሳቀ ያነብ ጀመር።

"'ይቺ ሰው አይደለችም' ይላል አንዱ። 'ማሕፀንሽ ይድረቅ' ትላለች አንዷ። ሃ! አባ፣ ተመስገን ይበሉ። የኛዋን የባረከልን አምላክ ይመስገን!"

ኤቢሳ የሰማውን የማይሰማ ሰው ነው። ልጅ ሳለ አባቱ እጃቸውን ሲታጠቡ በየማታው አይቷል፤ ግን አላስታወሰውም። አቶ ኢቲቻ ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው አዞሩ። አባይነሽ ወደ ማድ ቤት ሄዳ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። የምትመልሰው ነገር ግን ሆዷ ውስጥ አልነበረም።

በዚያው ማታ ለበአምላክ ጻፈችለት፦ "በመካከላችን ይቀራል ብለህ ነበር። አውርደው።" ሰውየው በአበባና በተጋጠሙ እጆች ምስል አጅቦ መለሰላት፦ "ውድ እህቴ፣ ስምሽ አልተጠቀሰም። ታሪክሽ ለሺዎች ትምህርት ሆኗል። ለሁለተኛው ዙር ሥልጠናዬ ልዩ ቅናሽ ላደርግልሽ ፈቃደኛ ነኝ።" አባይነሽ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውራ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ትምህርት ቤት ውስጥ ሩታ የምትባል የእንግሊዝኛ መምህርት አለች፤ ከአባይነሽ በብዙ ዓመት የምታንስ፣ ቀልደኛ ልጅ። አባይነሽ ምሳዋን ከአጥሩ ጀርባ ለውሻ ስትደፋ ደጋግማ አይታት ኖሮ አንድ ቀን ተከትላት ወጣች።

"ቲቸር አባይ፣ ውሻው ወፍሯል። አንቺ ግን እያለቅሽ ነው" አለቻት። "ምን ሆነሽ ነው?"

አባይነሽ ያልጠበቀችውን አደረገች፤ ነገረቻት። ስለ በአምላክም ጭምር። ሩታ ቪድዮውን አይታው ኖሮ ደነገጠች፤ ከሥሩም የሚያለቅስ ፊት አስቀምጣበት እንደነበር አመነች። ከዚያ በትዳሯ በተቸገረች ጊዜ የረዳቻት የምክር ባለሙያ እንዳለች ተናገረች። ናዝራዊት ትባላለች፤ በቪድዮ ጥሪ ነው የምታነጋግረው።

"ሌላ ደግሞ?" አለች አባይነሽ። "ይቺኛዋስ ድምፄን ለማን ልታሰማው ነው?"

"እሱን ራሷን ጠይቂያት። ትረስት ሚ፣ ይሄ ሌላ ነው። ካልመሰለሽ ትዘጊዋለሽ፣ አለቀ።"

ቤቷ ውስጥ የሚሰማትን ለማውራት ግድግዳው ስስ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ጆሮ አለው። ስለዚህ ከሥራ ስትወጣ ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት ይዛ ሄደች። ቤቶቹ ሲያልቁ ባሕር ዛፉ ይጀምራል። ከመንገዱ ገባ ብላ አንድ ጉቶ ላይ ተቀመጠችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። እዚያም ቢሆን ንጹሕ አየር አላገኘችም፤ ከጉቶው ማዶ ሰው የተጸዳዳበት ነበር። ስቃ ቦታ ቀየረች።

ናዝራዊት ከነጭ ግድግዳ ፊት የተቀመጠች፣ መነጽር ያደረገች ወጣት ሴት ናት። "እንደምን ዋሉ ወይዘሮ አባይነሽ" አለች።

"አንቺ በይኝ። ይሄ ነገር ይቀዳል?"

"አልቀዳም። ለራሴ አጭር ማስታወሻ እይዛለሁ፣ ስምሽ አይጻፍበትም። የነገርሽኝን ለሌላ ሰው የምናገረው ያንቺ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ነው ካልኩ ብቻ ነው፤ ያኔም ቅድሚያ ለአንቺ ነግሬ። ይሄ ካልተስማማሽ አሁኑኑ ማቆም እንችላለን።"

አባይነሽ ልትፈትናት አሰበች። ደህናውን ሁሉ ዘልላ ከሁሉ የከፋውን በመጀመሪያ ጣለችላት፦ "አባቴ ይቀፉኛል። ቢሞቱ ደስ ይለኛል።" ብላ የሴትዮዋን ፊት ትጠብቅ ጀመር። እንደ በአምላክ ዓይኗን ትጨፍን ይሆን? እንደ ወይዘሮ አሳየች አፍንጫዋን ትሸፍን ይሆን?

ናዝራዊት አላደረገችውም። "እሺ" አለች። "ሞት እየተመኘሽላቸው ነው ወይስ ድካሙ እንዲያበቃ ነው የምትፈልጊው?"

አባይነሽ አሰበች። "እንዲያበቃ ነው።"

"እሱን እንያዘው። በቀኑ ውስጥ ከሁሉ የሚብስብሽ ሰዓት የቱ ነው? በትክክል የትኛው ነገር?"

ማንም እንደዚህ ጠይቋት አያውቅም። ሰገራው ይመስላት ነበር፤ ስታስበው ግን አይደለም። "ለሃጩ ነው" አለች እየገረማት። "ስመግባቸው ከማንኪያው ጋር ተጎትቶ የሚመጣው። ከዚያ በኋላ ነው እኔ መብላት የማልችለው።" ይህን ተናግራ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ሰው ፊት ፊቷን አጨማደደች። ማጨማደዱ ራሱ እንደ ማረፍ ሆነላት።

እንግዲህ በየሳምንቱ እየተገናኙ ነገሩን እንደ ሒሳብ ጥያቄ ይበትኑት ጀመር። ሁሉም አልተሳካም። ናዝራዊት ከአፍንጫ ሥር ቪክስ መቀባት ሊረዳሽ ይችላል አለቻት። አባይነሽ ተቀባች፤ በሳምንቱ የሰገራው ሽታ ከቪክሱ ጋር ተዋሕዶ፣ ጉንፋን የያዘው ተማሪ ቪክስ ተቀብቶ ክፍል ሲገባ ሳይቀር ያጥወለውላት ጀመር። ይህን በንዴት ስትነግራት ናዝራዊት አልተከራከረችም።

"ይሄ የኔ ሐሳብ አልሠራም። ተይው" አለች። "አንቺስ ምን ይታይሻል?"

አባይነሽ የታያት ነገር ነበር፤ ጧት ሳታጥባቸው በፊት፣ ገና የቤቱ አየር ሳይነቃ፣ በረንዳ ላይ ቆማ መብላት። ሞከረችው። አንድ እንቁላል በዳቦ ወረደላት። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን የራሷ ሐሳብ ስለነበረ ኮራች። በማንኪያው ፋንታ አፉ ጠባብ በሆነ ሲኒ ማጠጣትም ለሃጩን ቀነሰው። በረኪናውንም ተወች፤ ጓንት አደረገች። እስከዚያ ድረስ ጓንት ያላደረገችው ኤቢሳ አንዴ "አባታችን ለምጻም ናቸው እንዴ?" ስላላት ነበር።

ከዚያ ናዝራዊት አንድ ቀን እንዲህ ብላ ጠየቀቻት፦ "አባትሽስ ምን ይላሉ? ማን ቢያጥባቸው እንደሚወዱ ጠይቀሻቸዋል?"

አባይነሽ ጥያቄው አበሳጫት። "ምን ይላሉ ብለሽ ነው? መናገር እኮ ያቅታቸዋል።"

"ጨርሶ?"

ጨርሶስ አልነበረም። ቃል በቃል እየጎተቱ፣ ከአማርኛው ይልቅ በኦሮምኛ፣ መናገር ይችሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር የጠየቃቸው ሰው ጠፍቶ ነው። ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው ያወራ ነበር እንጂ ከእሳቸው ጋር አያወራም።

ያን ዕለት ማታ አጥባቸው ከጨረሰች በኋላ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው።  አቶ ኢቲቻ ደህናውን እጃቸውን አንሥተው ወደ ወገባቸው፣ ወደ ዳይፐሩ ጠቆሙ።

"ሰፉ" አሉ።

ሰፉ በኦሮሞ ዘንድ ትልቅ ቃል ነው፤ ማንም ሊያልፈው የማይገባ የክብርና የነውር ወሰን። አባት ለልጁ፣ ለዚያውም ለሴት ልጁ፣ ኀፍረተ ሥጋውን አያሳይም።

"ልጄ ነሽ" አሉ ቃሉን አንድ በአንድ እየሳቡ። "ታዪኛለሽ። በየቀኑ። እኔ… እኔን ይቀፈኛል።" ትንሽ አረፉ። "ያን ቀን… በኤቢሳ ስልክ… አንቺ ነሽ።"

አባይነሽ የምትገባበት ጠፋት። መካድ ፈለገች፤ ዓይናቸው ግን ፊቷ ላይ ነው። "እኔ ነኝ፣ አባ" አለች።

"እውነት ነው የተናገርሽው" አሉ። "እጄን… ታጥቤ ነበር የምነካሽ። አሁን ማጠብ አቃተኝ።"

ከዚያ የሚቀጥለው ነገር ነው ለብዙ ቀን እንቅልፍ የነሣት። አቶ ኢቲቻ ምግብ የሚቀንሱት፣ ቃል በቃል እየጎተቱ እንደ ነገሯት፣ የምግብ ፍላጎታቸው ጠፍቶ አልነበረም። ብዙ ከበሉ ብዙ ይወጣል፤ ብዙ ከወጣ ልጃቸው ብዙ ትጠርጋለች። ስለዚህ እየራባቸው አፋቸውን ይዘጉ ነበር። እሷ በእሳቸው ምክንያት አትበላም፣ እሳቸው በእሷ ምክንያት አይበሉም፤ በአንድ ቤት፣ በአንድ ግድግዳ ሥር፣ ሁለቱም ይከሱ ነበር። ዘመድ ሁሉ ደግሞ ይህን ሲመርቅ ከርሟል።

"ታዲያ ማን ይጠብዎት?" አለች እንባዋን እየዋጠች።

"ወንድ" አሉ አቶ ኢቲቻ። "ወንድ ልጅ… አለኝ አይደል?"

አባይነሽ ይህን ለናዝራዊት ነገረቻትና ለሚቀጥለው ውይይት ሁሉም እንዲገኝ ተስማሙ። ኤቢሳ "የቤተሰብ ጉዳይ ለባዕድ በስልክ አይወራም" ብሎ እምቢ አለ፤ አባይነሽ "አባ ናቸው የጠሩህ" ስትለው መጣ። ስልኩን የውኃ ጆግ ላይ አስደግፈው አልጋው ፊት ለፊት አስቀመጡት። ኤቢሳ መስኮቱን ሊከፍት ሲነሣ አባይነሽ "ዛሬ ተዘግቶ ይቆይ" አለችው።

ናዝራዊት ማንንም አልወቀሰችም፤ አባይነሽ እንኳ ትንሽ ብትወቅሰው ደስ ባላት። አቶ ኢቲቻ የሚፈልጉትን በራሳቸው አፍ እንዲናገሩ ጊዜ ሰጠቻቸው። ኤቢሳ ቃላቸውን ሊጨርስላቸው ሲል "አንድ ጊዜ ይታገሡ፣ እሳቸው ይጨርሱት" አለችው። አቶ ኢቲቻ ጨረሱት።

ኤቢሳን ላብ አጠመቀው። "እኔ እኮ… እኔ ሱቅ አለብኝ። ደግሞ እንደዚህ ዓይነት ነገር አልለመድኩም። ሽታ አልችልም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ።"

"እኔስ ከልጅነቴ ጀምሮ እችል ነበር?" አለች አባይነሽ። "ያን በስልክ ያሰማኸን ድምፅ የኔ ነው፣ ኤቢሳ። 'ሰው አይደለችም' የሚለውን እየሳቅክ ያነበብክላት እኔ ነኝ።"

ኤቢሳ አባቱን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እህቱን አየ። "ቀልድሽን ነው?" አለ። 

በዚያው ቀን፣ ናዝራዊት ከተሰናበተች በኋላ፣ አባቱን አጠበ። አባይነሽ ከበሩ ውጪ ቆማ ምን ምን ማድረግ እንዳለበት ትነግረዋለች። ዳይፐሩን ፈታው። ከዚያ በሩጫ ወጥቶ በረንዳው ላይ ደረሰ፤ ሆዱ ውስጥ የነበረውን ሁሉ፣ ሲኤምሲ የበላውን ክትፎ ሳይቀር፣ ወይዘሮ አሳየች ባሰጡት አንሶላ ላይ ደፋው። ከሥር ጩኸት ተሰማ። አባይነሽ ስታየው አላዘነችለትም፤ የተፋው ክትፎ አስጠላት፣ ሰውየውም አስጠላት፣ በማስጠላቱ ደግሞ ደስ አላት።

"አፍህን ታጥበህ ተመለስ" አለችው። "አባ ብርድ ላይ ናቸው።"

ተመለሰ። አጥቦ ጨረሰ። ሲወጣ ፊቱ ነጥቶ "በየቀኑ እንዲህ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ሁለት ጊዜ።"

በኋላ በደረሱበት ስምምነት ቅዳሜና እሑድ ኤቢሳ ራሱ ሊያጥብ፣ በሥራ ቀን ደግሞ ገላው የሚባል፣ በሽተኛ መንከባከብ የተማረ ጎልማሳ ሊመጣ ሆነ፤ ደመወዙን ኤቢሳ ይከፍላል። ገላው ሲያጥባቸው ከአቶ ኢቲቻ ጋር ስለ በሬ ዋጋ ያወራል። የጀርባቸው ቁስልም በጊዜ ጠገገ። አባይነሽ አሁን የምትሠራው ማጉረስና ማጫወት ነው። አቶ ኢቲቻ እስከ ጥጋባቸው ይበላሉ።

ስለ በአምላክ ከናዝራዊት ጋር ሁለት ጊዜ ተወያይተዋል፤ ምን ማድረግ እንደምትችል፣ ምን ደግሞ በእጇ እንዳልሆነ። አባይነሽ በመጨረሻ ቪድዮው ሥር በሙሉ ስሟ ጻፈች፦ "ይህ ድምፅ የኔ ነው። ያለ ፈቃዴ ነው የተለቀቀው። አባቴን እኔ ነኝ የማስታምማቸው፤ እናንተ ኑና ጥረጉ።" በአምላክ ጽሑፏን ሰርዞ ገጹን ዘጋባት። ከሳምንታት በኋላ ቪድዮው ከገጹ ጠፋ፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን የለም። ሌሎች ቀድተው ያሰራጩት ዛሬም ይዞራል። ሰውየው አሁን ስለ ትዳር ያሠለጥናል፤ ያው ነጭ ሸሚዝ፣ ያው ፒያኖ። ሩታ አንዳንዴ ልታሳያት ስትል አባይነሽ ስልኩን በጣቷ ጫፍ ትገፋዋለች።

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ ናዝራዊት "እንግዲህ የመጣሽበት ጉዳይ ቀለል ብሏል፤ እንጨርስ ወይስ የቀረ አለ?" ብላ ጠየቀቻት። ዝናብ ስለነበረ አባይነሽ እንጦጦ አልወጣችም፤ ባዶ መማሪያ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግታ ተቀምጣለች።

"የቀረ አለ" አለች። "ኤቢሳ በየቅዳሜው ይመጣል፣ ያጥባል፣ ጎረቤት ሁሉ ይመርቀዋል። 'እንዳንተ ያለ ወንድ ልጅ ይስጠኝ' ይሉታል። እሱም አሜን እያለ ይወጣል። እህቱ ምን ሆና እንደከረመች አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። አብሬው ማዕድ ስቀርብ እህል አይወርድልኝም።"

"ይቅር ልትይው ትፈልጊያለሽ?"

"አይ" አለች አባይነሽ ሳታመነታ። "አብሬው መብላት ነው የምፈልገው። ይቅር ማለቱን አላውቅም።"

"እሺ" አለች ናዝራዊት። "በየትኛው ማዕድ ላይ ነው የሚብስብሽ?"

አባይነሽ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳበችና ማሰብ ጀመረች።